የጎረቤት ትርፍና መሳቢያ ውስጥ ያደረው ሰነድ

ዛሬ መሃል ከተማ ካለው መሥሪያ ቤቴ ሳልወጣ አንድ ባልደረባዬ የላከልኝ ሰንጠረዥ፣ የጎረቤቶቻችንን መንግሥታት እንደ ተማሪ በደረጃ አሰልፎ፣ ኤርትራን በበጀት ትርፍ ከላይ፣ ኬንያን በጉድለት ከታች፣ እኛን ከመካከል ያስቀመጠና «አስተዳደር ማለት ይህ ነው» የሚል ቃል የተለጠፈበት ሆኖ ስላገኘሁት፣ የወር መዝጊያ ሂሳቤን አቁሜ ይህን ሐተታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

1. ኤርትራ ለሕዝብ የታተመ በጀት የላትም፤ ስለዚህ በስሟ ትይዩ የሚጻፈው ትርፍ በውጭ የተቀመጡ ሰዎች ግምት እንጂ ከመዝገብ የወጣ ሂሳብ አይደለም። ግምቱ ልክ ነው ብንል እንኳ፣ በብሔራዊ አገልግሎት ስም ለዓመታት በጥቂት አበል የሚደክመው ወጣት ላቡ በገበያ ደመወዝ ቢታሰብ፣ ከዚያ ትርፍ የሚተርፈውን ለማየት እመኛለሁ።

2. የሶማሊያ ጉድለት ማነሱ ከቁጠባ የመጣ አይደለም፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 4.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ እስከ ተሰረዘላት ድረስ አበዳሪ የራቃት፣ ወጪዋንም በአብዛኛው በርዳታ የምትሸፍን አገር ናትና። ማንም የማያበድረው መንግሥት ጉድለት ከየት ያመጣል?

3. ደቡብ ሱዳን፤ ገቢዋ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከነዳጅ ዘይት የሚመጣ በመሆኑ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በሱዳን ምድር የሚያልፈው ቧንቧ ሲሰበር የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ደመወዝ ሳያገኝ ቀርቷል። ነገር ግን ወጪ የሚመዘገበው ገንዘቡ ከካዝና በወጣበት ዕለት ብቻ እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ወጪ አይባልምና፣ የሠራተኛው ረኀብ በሰንጠረዡ ላይ ቁጠባ መስሎ ይታያል።

አራተኛውን ከመጻፌ በፊት ግን ልቤን የሚያቃጥለውን ልናገር። ይህ በሽታ በጁባ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ሰኔን ከፋይናንስ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ አላሳለፈም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ላይ የነበረው ክፍል ሁሉ ወንበር፣ ጎማና የቀለም ካርትሪጅ ሊገዛ ይጋፋል፤ ሥራውን ጨርሶ ያስረከበው የመንገድ ተቋራጭ ግን፣ የክፍያ ሰነዱ «ለሐምሌ ይቆይ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ሰነድ ከአንዱ በጀት ዓመት ወደ ሌላው ሲያሻግር አይቼ በጽሑፍ ባመለክት፣ «ሂሳቡ ተመጣጥኖ ተዘግቷል፤ ምን ጎደለ?» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ምን ጎደለ! ተቋራጩ ለቀን ሠራተኞቹ የሚከፍለው ጎደለ እንጂ። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ በምክር ቤት ፊት የሚያነበውን ሪፖርት የሚሰማ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሰምቶ የሚያርም ግን ወዴት አለ?

የፌዴራሉም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። የስኳር ፋብሪካውም የመብራት ኃይሉም ወጪ በልማት ድርጅቶች ስም ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በብድር ሲወጣ ስለ ኖረ፣ ከበጀቱ ውጭ ተቀምጦ ጉድለታችንን ሲያሳንሰው ከርሞ፣ በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ለባንኩ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ በማውጣት ዕዳውን በራሱ ትከሻ አድርጎታል። እነዚያን ዓመታት ከኬንያ ጋር ያነጻጸረ ሁሉ የግማሽ መጽሐፍ አንባቢ ነበረ።

በብርም አታነጻጽሩ። የ2017ቱ በጀት ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ፤ በመካከሉ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቋልና፣ «እጥፍ አደግን» የሚለው የዶላሩን ዋጋ አልጠየቀም።

4. ኬንያስ? ከታች የተቀመጠችው ኬንያ ጉድለቷ ከምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብ የ3 በመቶ ጣሪያ በላይ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የበጀት ተቆጣጣሪዋ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያሳትማል፤ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ሊያስገኝ የታሰበው የግብር ረቂቅ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወጣቱን አደባባይ አውጥቶ፣ ደም ፈስሶ፣ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም እስከማለት ደርሰዋል። ከሰንጠረዡ ሁሉ ለማመን የሚቀርበኝ እንግዲህ የመጨረሻው ቁጥር ነው።

ለእኛ መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ በሐምሌ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከምትለጥፉት የተመደበ በጀት አጠገብ፣ ካለፈው ዓመት የተሻገረውን ውዝፍ ክፍያም ከነቀኑ ለጥፉልን።