በአጥንት ውስጥ ብረት ከገባ በኋላ ሊከሰቱ የሚችሉ ችግሮች

የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሕክምና መቅኔው ባለበት የአጥንቱ መሃል ረጅም የብረት ዘንግ ማስገባት ነው። ዘንጉ ከላይና ከታች በብሎን ይታሰራል። ብረቱ አጥንቱን አያድንም፤ አጥንቱ ራሱ እስኪገጥም ድረስ ደግፎ ይይዘዋል። ለአብዛኞቹ ታካሚዎች ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም፣ ታካሚውና አስታማሚው ሊያውቋቸው የሚገቡ ችግሮች አሉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት

• በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠር ግፊት፦ በተለይ በቅልጥም ስብራት፣ ጡንቻው ሲያብጥ የራሱን የደም ዝውውር ያፍናል። በማስታገሻ የማይበርድና እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የእግር ጣቶችን ሌላ ሰው ሲያጥፍና ሲዘረጋ የሚጨምር ሕመም፣ እንዲሁም መደንዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። የደም ሥር ትርታ መኖሩ ችግሩ የለም ማለት አይደለም። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

• ስብ ወደ ሳንባ መሄድ፦ ከመቅኔው የወጣ ስብ በደም ተጉዞ ሳንባንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ከስብራቱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ውስጥ ይታያል። ትንፋሽ ማጠር፣ መቃዠት ወይም ግራ መጋባት፣ በደረትና በብብት ላይ ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ይኖራሉ።

• የደም መርጋት፦ ባት ያብጣል፣ ያማል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ያስከትላል። ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ቶሎ መንቀሳቀስ ይህን ለመከላከል ይረዳል።

በሳምንታት ውስጥ

ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጥቶ ከነበረ አደጋው ይጨምራል። አንቲባዮቲክ በራስ ገዝቶ መዋጥ ምልክቱን ሊደብቅና ሕክምናውን ሊያዘገይ ስለሚችል መጀመሪያ ይመርመሩ።

በወራት ውስጥ

• አጥንቱ አለመግጠም፦ ከ6 ወር በኋላም ሲረግጡ ስብራቱ ቦታ ላይ የሚያም ከሆነ በራጅ መታየት አለበት። አጥንቱ ሳይገጥም ሲቀር ብሎኑ ወይም ዘንጉ ራሱ ሊሰበር ይችላል። ሲጋራ ማጨስና በአግባቡ ያልተያዘ የስኳር ሕመም መግጠምን ያዘገያሉ።

• የእግር መዞር ወይም ማጠር፦ የእግርዎ አቅጣጫ ከሌላኛው ከተለየ ቶሎ ይናገሩ፤ አጥንቱ ከመግጠሙ በፊት ማስተካከሉ ይቀላል።

• የጉልበት ሕመም፦ በቅልጥም ውስጥ ዘንግ ከገባ በኋላ የተለመደ ነው፤ ሲንበረከኩ ይብሳል።

ብረቱ የግድ መውጣት አለበት?

በአዋቂዎች ችግር ካልፈጠረ ባለበት ሊቀመጥ ይችላል። ማውጣት ራሱን የቻለ ቀዶ ሕክምና ነው።

ለአስታማሚዎች

የተሠራውን እግር ወጌሻ እንዲያሸው ወይም አጥብቆ እንዲያስረው አይፍቀዱ። ታካሚው መራመድ ቢጀምርም የራጅ ቀጠሮውን አይተው፤ መራመድ መቻል አጥንቱ ገጥሟል ማለት አይደለም።