ለንቦችና ለወፎች የሚስማሙ የአበባ ዛፎችን ስለ መምረጥ

በአትክልት ቦታ ዛፍ የሚተክል ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የዛፉ መልክ ብቻ አይደለም። አበባው ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ ለንብ ቀለብ፣ ለወፍም ምግብ የማይሰጥ ዛፍ አለ። ንብና ወፍ የማይጎበኙት አትክልት ደግሞ ውሎ አድሮ ፍሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ምን ዓይነት ዛፍ፣ በየትኛው ወር የሚያብብ፣ በየትኛው ስፍራ ይተከል ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ አትክልተኛ ሥራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ቤተ ሰቦች የሚስማማውን ምርጫ ያስረዳል፤ አየሩ ተመሳሳይ በሆነ በሌላው ደጋ አገርም ሊሠራበት ይቻላል።

ንብ ለእህልና ለአትክልት የምታደርገው አገልግሎት

አበባ ወደ ፍሬ የሚለወጠው ከወንዴው ክፍል የሚገኘው ደቃቅ ዱቄት ወደ ሴቴው ክፍል ሲደርስ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ለዚህ ሥራ ንብ አያሻቸውም፤ አበባቸው በራሱ ዱቄት ፍሬ ይይዛል። የበቆሎንም ዱቄት ነፋስ ያደርስለታል። ኑግ ግን የራሱ ዱቄት ስለማይበቃው፣ ንብ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ካላመላለሰችለት በቀር ፍሬው እጅግ ያንሳል። ዱባም ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ ስለ ሆነ ያለ ንብ ፍሬ ሊይዝ አይችልም። ባቄላና ጎመን ዘርም ንብ ሲበዛላቸው ምርታቸው ይጨምራል። እንግዲህ በጾም ወራት ለወጥ የሚሆነው የኑግ ዘይት በንብ ድካም የተገኘ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ኢትዮጵያ ማር በማምረት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የቀደመች ናት፤ ነገር ግን ንብ በማሯ ከምትሰጠው ጥቅም ይልቅ በእርሻና በአትክልት ላይ የምትሰጠው ጥቅም ይበልጣል።

ወፎችም ሥራ ፈቶች አይደሉም። ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት በብዛት በአትክልት ላይ ጉዳት የሚያደርሱትን ትሎች እየለቀሙ ነው። የወይራንና የጥቁር እንጨትን ፍሬ ውጠው ዘሩን ወደ ሩቅ ስፍራ የሚያደርሱትም እነርሱ ናቸው።

ስለ አገሩ አየርና ስለ ባሕር ዛፍ

ኮልፌ ቀራንዮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ዋናው ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንድ ጊዜም ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ የቆላ ዛፍ አምጥቶ በዚህ መትከል ድካምን ማብዛት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዱር ለማገዶና ለቤት ሥራ ስለ ተቆረጠ ሕዝቡ በእንጨት እጦት ተቸገረ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1892 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ነገር ግን በ1880ዎቹ ዓመታት ከአውስትራሊያ ወገን የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለ በቀለ ችግሩ ተቃለለ፤ ከተማይቱም በስፍራዋ ጸናች። ይህ የባሕር ዛፍ ውለታ የሚካድ አይደለም። ደግሞም አበባው ለንብ ጥሩ ቀለብ ይሰጣል። ሆኖም ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም፤ ለወፍም የሚበላ ፍሬ የለውም። በባሕር ዛፍ ብቻ የተሞላ ቦታ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ እንደሚቀርብበት ገበታ ነው።

ስለ ወራት አመራረጥ

በምርጫው ሁሉ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የአትክልቱ ቦታ አበባ የሌለበት ረጅም ጊዜ እንዳይኖረው ዛፎቹን በሚያብቡበት ወር እየለዩ መትከል። በዘመነ ጽጌ፣ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ምድር ሁሉ በአደይ አበባና በሌላም አበባ ስለምትሸፈን ንብ አትቸገርም፤ የደጋው ዋና ማርም የሚቆረጠው በዚያ ሰሞን ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሣሩ ሲደርቅ አበባውም ይጠፋል፤ የተራበ የንብ መንጋም ቀፎውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለመስከረም የሚያብበውን ሳይሆን ለበጋው የሚያብበውን ዛፍ መፈለግ ይበልጥ ይጠቅማል። የዛፎቹ ወራት እንደ ዓመቱ ዝናብ ቢቀድምም ቢዘገይም፣ ቅደም ተከተሉ በግምት እንደሚከተለው ነው።

ዋንዛ ክረምቱ ሲወጣ ነጭና መልካም ሽታ ያለው አበባ ያወጣል። ንብ አጥብቃ ትወደዋለች፤ ፍሬውንም ልጆችና ወፎች ይበሉታል። ነገር ግን ውርጭ ስለሚጎዳው በችግኝነቱ ጊዜ ከለላ ያሻዋል።

ኮሶ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሚያብብ እውነተኛ የደጋ ዛፍ ነው። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ዘር የሚፈልግ ሰው አንድ ብቻ ተክሎ ሊያገኝ አይችልም።

ቆርች በበጋው ቅጠሉን አርግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ፍም የቀላ አበባ ያወጣል። ከቆርች ዝርያዎች አንደኛው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ስለሚጸድቅ ለአጥር ይመቻል፤ ሥሩም መሬቱን ያዳብራል።

ግራዋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሌላው አበባ በጠፋበት ጊዜ፣ ነጭ አበባውን ይሰጣል። ቅጠሉ የጠላና የጠጅ ዕቃ ለማጠብ ስለሚያገለግል በየቤቱ የታወቀ ነው። አንድ ዛፍ ብቻ ለመትከል ስፍራ ያለው ሰው ግራዋን ቢመርጥ አይሳሳትም።

ብሳና የበልግ ዝናብ ከጣለ ጀምሮ እስከ ክረምት መግቢያ ያብባል፤ ሁለተኛውን የዓመቱን ማር የሚያስገኘውም በብዛት እርሱ ነው።

በክረምት ግን ዝናቡ ንቡን ከቀፎ ስለማያስወጣው የዛፍ አበባ ብዙም አይረዳውም። ስለዚህ ንብ የሚያረባ ሰው ማሩን ሁሉ ጠርጎ መቁረጥ አይገባውም፤ ለመንጋው የክረምት ስንቅ ሊተውለት ያስፈልጋል።

ስለ አበባው ቅርጽና ቀለም

ንብ ቀይ ቀለምን ለይታ አታይም፤ ነጭ፣ ቢጫና ሰማያዊ አበባን ግን በሚገባ ትለያለች። ወፍ ደግሞ ቀዩን ከሩቅ ታያለች። ስለዚህ እንደ ቆርች፣ እንደ ሬትና እንደ ራስ ክምር ያሉት ቀይ ወይም ብርቱካን መልክ ያላቸው አበቦች ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ የአበባ ማር የሚመጡትን ትናንሽ ወፎች ይጠራሉ። ከእነዚህም አንደኛዋ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራው ናት፤ በአዲስ አበባ አትክልቶች ውስጥ በብዛት ትታያለች።

ጽጌረዳ የሚተክል ሰውም ይህን ያስተውል። ቅጠለ ብዙ የሆነው ድርብ ጽጌረዳ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ በውስጡ ዱቄት ሊሰጥ የሚገባው ክፍል ወደ አበባ ቅጠልነት ስለ ተለወጠ ንብ ከእርሱ የምታገኘው ጥቂት ነው። የአገራችን ቀጋ ግን አበባው አምስት ቅጠል ብቻ ያለው ክፍት ስለ ሆነ ንብ በቀላሉ ትቀስመዋለች፤ ቀይ ፍሬውንም ሕፃናትና ወፎች ይለቅሙታል።

ፍሬ የሚበሉትን ወፎች ለሚሻ ሰው ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና አጋም ይመከራሉ። ክንፏ ቀይ የሆነችው ሶሪትም እንዲህ ያለው ፍሬ ባለበትና ዛፉ በረዘመበት ስፍራ ትገኛለች።

ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር

የወፍ ቆሎ የሚባለው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቁጥቋጦ አበባው ያማረ ነው፤ ቢራቢሮም ወፍም ይወዱታል። ነገር ግን ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየስፍራው ስለሚጥሉት ግጦሹን ይወርራል፤ ቅጠሉም ከብትን ይመርዛል። ወፍ የሚወደው ሁሉ ለአገር ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። የቆርችም ዘር መርዝ ስላለበት ተማሮች ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት መምህራን ሊያስጠነቅቁ ይገባል። የተባይ መድኃኒትም አበባው በተከፈተበት ጊዜ ከቶ ሊረጭ አይገባም፤ ትሉን የገደለው መድኃኒት ንቡንም ይገድላልና።

ስለ አተካከል

ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ መሬቱን በሚገባ ካራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ጉድጓዱ አስቀድሞ ይቆፈራል፤ የላይኛው አፈር ከፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስበታል። ችግኙ ከፍየልና ከበግ እንዲጠበቅ በእሾህ ይታጠራል፤ በመጀመሪያው በጋም ውኃ ይጠጣል። በበጋ ጊዜ በሰፊ ሳህን ውኃ ሞልቶ ድንጋይ ጣል ማድረግ መልካም ነው፤ ንብ በድንጋዩ ላይ ቆማ ሳትሰጥም ትጠጣለችና።

በኮልፌ ያለው የብዙ ሰው ግቢ ጠባብ ስለ ሆነ ሁሉን መትከል አይቻልም። ለጠባብ ግቢ አንድ ግራዋ፣ በአጥሩ በኩል ቀጋና ጌሾ፣ በደጃፉም ሬትና ራስ ክምር ይበቃሉ። ሰፊ ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ግን ዋንዛን፣ ብሳናን፣ ወይራንና ሁለት ሦስት ኮሶ ከቤቱ ራቅ አድርጎ ሊተክል፣ በወሰኑም ላይ ቆርችን ሊያቆም ይችላል። ጎረቤታሞች ተመካክረው አንዱ የበጋውን፣ ሌላው የበልጉን ዛፍ ቢተክሉ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል፤ ንብ አጥር አይከለክላትምና።

የየዛፉን መልክ አይቶ ለመረዳት የሚፈልግ መምህር ተማሮቹን ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቢወስዳቸው ይጠቅማል። ይህ ማዕከል ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ወሰን 700 ሄክታር ያህል ስፋት ይዞ የአገሩን ዕፅዋት ይጠብቃል። የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ለየትምህርት ቤቱ ችግኝ ይታደላል። ችግኙን የሚቀበለው ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ዓይነት ነው? መቼስ ያብባል?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሮችም በየወሩ በግቢያቸው ያበበውን ዛፍ ስም በደብተራቸው ይጻፉ። ከዓመት በኋላ ባዶ ሆኖ የተገኘው ወር በሚመጣው ክረምት የትኛው ችግኝ መተከል እንዳለበት ያስታውቃቸዋል።