በሙሉ ፍጥነት ወደ ጭቃው

[ድምፅ፦ የባሕር ሞገድ፤ ከሩቅ የመርከብ ጡሩንባ]

ተራኪ፦
በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ግዛት የካምባት ባሕረ ሰላጤ የሚባል አለ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ የባሕሩ ውኃ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይሞላል። በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚሁ ባሕረ ሰላጤ፣ በአላንግ ዳርቻ የሚኖሩ መርከብ አፍራሾች ቀን ቆርጠው የሚጠብቁት ይህንን ሙላት ነው።

አንድ ያረጀ መርከብ ከባሕሩ በኩል ብቅ ይላል። ጭነቱን አራግፏል። ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲያደላ ስለተደረገ ፊቱ ከውኃው ቀና ብሏል። ካፒቴኑ በዳርቻው የተተከሉለትን ምልክቶች እያየ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ከዚያም መርከበኛ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠነቀቅለት የኖረውን ነገር በገዛ እጁ ያደርገዋል፤ በሙሉ ፍጥነት ወደ የብስ ይነዳል።

[ድምፅ፦ የሞተር ጉምጉምታ እየጨመረ ይመጣል፤ ድንገት ይቆማል]

የመርከቡ ሆድ ጭቃውን ሲነካ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ እስከቻለ ገፍቶ ይጠፋል። መርከበኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ውኃው ሲሸሽ ያ ሁሉ ብረት ጭቃ ላይ ቆሞ ይቀራል።

በመርከበኞች እንግሊዝኛ ሳይታሰብ መሬት ነክቶ መቆም «ግራውንዲንግ»፣ አውቆ ዳርቻ ላይ ማውጣት ደግሞ «ቢቺንግ» ይባላል። ለመጀመሪያው ካፒቴኑ ይጠየቅበታል፤ ለሁለተኛው ይከፈለዋል። የዛሬው ዘጋቢ ፕሮግራማችን የሚከፈልበትን ይመለከታል።

ሥራው በባንግላዴሽ የተጀመረው ግን በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከባድ አውሎ ነፋስ አንድ የግሪክ መርከብ ገፍቶ በቺታጎንግ አቅራቢያ ሲታኩንዳ ዳርቻ ላይ አወጣው። ወደ ባሕር መመለስ አልተቻለምና ለዓመታት እዚያው ቆየ። በኋላ አንድ የአገሩ ብረት ነጋዴ ድርጅት ገዛው፤ የአካባቢው ሰውም አፈራረሰው። በዚያ የተገኘውን ብረት ያየ ነጋዴ ሌላ አውሎ ነፋስ አልጠበቀም፤ መርከብ እየገዛ ማስመጣት ጀመረ። አላንግ በ1983 ሥራውን ጀመረች፤ በፓኪስታን ደግሞ ጋዳኒ አለች። ዛሬ ከዓለም አሮጌ መርከቦች አብዛኞቹ የሚያልቁት በእነዚህ ሦስት ዳርቻዎች ነው።

ወደዚያ ከመጡት ሁሉ ትልቁ፣ በጃፓን ተሠርቶ በ1979 ወደ ባሕር የገባው «ሲዋይዝ ጃየንት» የተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነው። ርዝመቱ 458 ሜትር ነበር። በኢራንና ኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ በ1988፣ የኢራቅ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ ተጠግኖ በሌላ ስም እንደገና ሠራ። በ2009 መጨረሻ አላንግ ዳርቻ ላይ ወጣ። 36 ቶን የሚመዝነው መልህቁ ለሆንግ ኮንግ የባሕር ሙዚየም ተሰጠ። የቀረውን ሠራተኞች በጋዝ እሳት ቆራርጠው ጨረሱት።

[ድምፅ፦ የጋዝ መቁረጫ ፉጨት፤ የብረት ኳኳታ]

አቆራረጡን ቀረብ ብለን እንየው። ሠራተኛው የኦክስጅንና የጋዝ ቱቦ የተገጠመለትን መቁረጫ ይዞ ከፍታ ላይ ይወጣል። ከመርከቡ ፊት ጀምሮ ትልቅ ገመሳ ይቆርጣል። ገመሳው በገዛ ክብደቱ ጭቃው ላይ ይወድቃል፤ በሽቦ ገመድና በመጎተቻ ማሽን ወደ ደረቁ መሬት ይሳባል፤ እዚያም እንደገና ይከታተፋል። ላሜራው ወደ ፋብሪካ ሄዶ ተዳምጦ እኛ ፌሮ የምንለው የግንባታ ብረት ይወጣዋል። የመርከቡ ዕቃ ደግሞ ወደ አላንግ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ይሸጣል፤ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ የካቢን በር፣ የሕይወት አድን ጀልባ፣ የመርከብ ድርጅት ዓርማ ያለበት ሳህን። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢደርስ እንግዳ አይሆንበትም።

ለገበያ የማይወጣው ግን ብዙ ነው። በአሮጌ መርከብ ግድግዳ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ በቀለሙ ውስጥ እርሳስና ሌላ መርዝ አለ፤ በታንከሩ ሥር ዝቃጭ ዘይት አለ። ዳርቻው በቀን ሁለት ጊዜ በሙላት ስለሚታጠብ ጭቃው ላይ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳል። አስቤስቶስ የገባበት ሳንባ ደግሞ ሕመሙን የሚያሳየው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛው ወደ ቢሃር ወይም ወደ ኦዲሻ፣ ወደ መንደሩ ተመልሷል። ሞቱን ከመርከቡ ጋር የሚያያይዝለት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ሊያስቆጣን የሚገባ ነው።

ሌላው አደጋ ጊዜ አይሰጥም። በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 2016፣ ጋዳኒ ላይ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሲቆረጥ ፈነዳ። ቢያንስ 26 ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጅ የነበረበት ታንከር ጋዙ በደንብ ሳይወጣለት እሳት ሲነካው የሚሆነው ይኸው ነው።

ባለመርከቦቹስ? የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት የአባል አገሮችን ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መፍረስ ያለበት ኅብረቱ ባጸደቃቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ዳርቻ ላይ የሚያፈርስ ቦታ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። መውጫው ቀላል ሆነ። መርከቡ ለመጨረሻ ጉዞው ሲነሣ ለደላላ ይሸጣል፤ ደላላው የኮሞሮስን ወይም የፓላውን ባንዲራ ይሰቅልበታል። ዳርቻው ለባዶ መርከብ በቶን የተሻለ ስለሚከፍል ልዩነቱ የባለመርከቡ ትርፍ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ መርከብ አለ። «ክሌማንሶ» የተባለው የፈረንሳይ የጦር አውሮፕላን ተሸካሚ፣ በ2005 ማብቂያ ላይ አስቤስቶሱን እንደያዘ ወደ አላንግ ተነሣ። በሕንድም በፈረንሳይም ክርክር ተነሣና፣ በየካቲት ወር 2006 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ እንዲመለስ አዘዙ። በኋላ በእንግሊዝ አገር ሃርትልፑል ውስጥ፣ ውኃው በሚዘጋና በሚደርቅ መትከያ ላይ ፈረሰ። ወጪው ይበልጣል። ዝቃጩ ግን ባሕር አይገባም፤ ክሬንና አምቡላንስም ከመርከቡ አጠገብ መቆም ይችላሉ።

መርከብ ማፍረስን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሆንግ ኮንግ ስምምነት በ2009 ጸድቆ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 26 ቀን 2025 ነው። እያንዳንዱ መርከብ የተሸከመውን አደገኛ ነገር ዘርዝሮ እንዲይዝ፣ አፍራሹም ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ጥሩ እርምጃ ነው። መርከብን ጭቃ ላይ ነድቶ ማፍረስን ግን አልከለከለም። ለሃያ አምስትና ለሠላሳ ዓመት ያተረፈበትን መርከብ በደረቅ መትከያ ለማስፈረስ የሚበቃ ገንዘብ ባለመርከቡ አለው። እንዲከፍል በሕግ መገደድ አለበት።