ሺህ ጊዜ የሚቀሰቀስ ሠራተኛ

በቅርቡ ወደ ሆሳዕና አገር ወርደን ሀቢቾ በሰነበትንበት ጊዜ፣ አንድ የዘመዳችን ልጅ አሮጌ ላፕቶፑን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ጥናቴን ሳልጨርስ ባትሪው ያልቅብኛል፤ የሊኑክስን የሰዓት ምት ወደ 100 ባወርደው አይሻልምን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙ ተማሪ ጥያቄ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ማካፈልን ወደድን።

ኮምፒዩተር ሥራውን የሚያከፋፍለው በሰዓት ምት እየተቀሰቀሰ ነው። ምቱ በሴኮንድ 100 ሲሆን በየ10 ሚሊሴኮንዱ፣ 250 ሲሆን በየ4፣ 1000 ሲሆን በየአንዱ ሚሊሴኮንድ እየነቃ «ተራው የማን ነው?» ይላል። ምቱ ሲበዛ ተራ ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን የተኛ ሠራተኛ ያለ ሥራ በተቀሰቀሰ ቁጥር ጉልበቱ ያልቃል፤ ጉልበቱም ባትሪው ነው።

የሊኑክስ ሠሪዎችም በዚህ ነገር ሐሳባቸውን ደጋግመው ለውጠዋል። በኢንቴል መሣሪያዎች ላይ ቀድሞ 100 የነበረው ምት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በወጣው በ2.6 እትም 1000 ሆነ። በ2005 መደበኛው ወደ 250 ወረደ። በ2007 ደግሞ የተሻለ ዘዴ መጣ፤ ይኸውም ሥራ ሲጠፋ ምቱን ማቆም ነው። በ2008 ገደማ ወደ አገራችን ትምህርት ቤቶች የመጣችው ኤክስ ኦ የተባለችው ትንሽ ላፕቶፕ 433 ሜጋኸርዝ ፍጥነትና 256 ሜጋባይት ማስታወሻ ብቻ ነበራት። እንደዚች ላለችው መሣሪያ ከንቱ መቀስቀስ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልነው። «ሥራ ሲፈታ ምቱን የሚያቆም ከርነል ከያዝክ፣ 1000ውን 100 ማድረግ መሣሪያው ሥራ በፈታ ሰዓት እምብዛም አይጠቅምህም፤ ከርነሉንም እንደገና መሥራት ይጠይቅሃል። አስቀድመህ የስክሪኑን ብርሃን ቀንስ፤ ፓወርቶፕ በተባለው ፕሮግራም ቀስቃሹ ማን እንደ ሆነ ተመልከት። ምቱን መለወጥ ካማረህም፣ ከመለወጥህ በፊትና በኋላ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለካ።»

አብረን ስንመለከት ዋናው ቀስቃሽ ሰዓቱ አልነበረም፤ ሳይዘጉ የተተዉ የኢንተርኔት ገጾች ነበሩ። ዘጋቸው፤ በዚያም ማታ ጥናቱን ጨርሶ ተኛ።

የሐዲያ እናቶች ቆጮውን ጉድጓድ ከከተቱት በኋላ «ደርሷልን?» እያሉ በየሰዓቱ አይከፍቱትም። እኛም በየቢሮአችን «ነገሩ ከምን ደረሰ?» እያልን ባልደረባችንን በየደቂቃው የምንቀሰቅስ ወጣቶች፣ ሥራውን የሚያዘገየው የእርሱ ስንፍና ነው ወይስ የእኛ ጥሪ ብለን አስቀድመን ብንለካ መልካም ነው።