ሥዕሉ አንድ፣ ዋጋው ለየቅል

«አንቺ፣ ቤት ልገዛ ነው!»

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝ መልእክት ነው። አብሮት ፎቶ አለ፦ ልጅ እያለ ያገኘው የፖኬሞን ካርድ፣ ቻሪዛርድ። እሳት የሚተፋ ባለክንፍ ብርቱካናማ ዘንዶ፣ ከጀርባው የሚያብረቀርቅ። የሳለው ጃፓናዊው ሚትሱሂሮ አሪታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ ከታተሙት አንዱ በ2022 በጨረታ 420,000 ዶላር ተሸጧል። ልጁ ያየው ይህንን ዜና ነው።

«ከሥዕሉ በታች በስተግራ ‹1› የሚል ትንሽ ጥቁር ማህተም አለ?» አልኩት። የለም። «ጠርዙስ?» ትንሽ ተልጧል።

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማህተሙ ካርዱ ከመጀመሪያው ኅትመት መሆኑን ይናገራል፤ ያ ኅትመት ደግሞ ጥቂት ነው። 420,000 ያወጣው ማህተሙ ያለበት፣ የካርድ ይዞታ የሚመረምር ድርጅትም ከ10 አሥር የሰጠው ነው። የልጆች መጫወቻ ሳይጫር ከ20 ዓመት በላይ ሲቆይ ብርቅ ነዋ!

የአክስቴ ልጅ ዘንዶ ግን ያው የአሪታ ዘንዶ ነው፤ አንድ መስመር እንኳ አልተለየም። ሥዕሉ ፈላጊ ያመጣል፤ ዋጋውን የሚሰቅለው እጥረቱ ነው። እናንተም ካርድ ልትገዙ ወይም ልትሸጡ ካሰባችሁ፣ ከጨረታው ዜና በፊት እጃችሁ ላይ ያለውን ካርድ አገላብጣችሁ እዩ።

ልጁ ለሰዓታት ዝም አለኝ። ማታ ላይ መለሰ፦ «በቃ አልሸጠውም። እዚህ አገር በገባሁ ዓመት የመጀመሪያ ጓደኛዬን ያገኘሁት በሱ ነው።»