ብስክሌት ይዞ ጫካ ለሚገባ፦ መሬቱ የማን ነው?

የዲሲ ሐበሻ ሮክ ክሪክ ፓርክን አሳምሮ ያውቀዋል። ልደት ያከብርበታል፣ ሥጋ ይጠብስበታል፣ ለመኪና በተዘጋው የላይኛው ቢች ድራይቭ ላይ ልጆቹን ብስክሌት ያለማምድበታል። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ዛፎቹ የሚያስገባውን የአፈር መንገድ በብስክሌት መያዝ ግን ክልክል ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና የተጓዘ ሰው የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደንን ያገኛል። እዚያም ያው የአፈር መንገድ፣ ያው የወደቀ ቅጠል፣ ያው ሥር የበዛበት ዳገት ነው፤ አብዛኛው ግን ለብስክሌት ክፍት ነው። የሚለያያቸው መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው።

ሮክ ክሪክ ከ1890 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፌዴራሉ መንግሥት የተከለለ ሲሆን፣ ዛሬ የሚተዳደረው በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ብሔራዊ ደኖቹ ደግሞ በግብርና ሚኒስቴሩ ሥር ላለው፣ በ1905 ለተቋቋመው የደን አገልግሎት የተሰጡ ናቸው። የሁለቱ ደንብ የሚነሣው ከተቃራኒ ጫፍ ነው። በፓርክ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳው በመኪና መንገድና በመኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ ቀጭኑ የእግር መንገድ ለይቶ ካልተፈቀደ ዝግ ነው። በደኑ ግን መንገዱ በትእዛዝ ካልተዘጋ በስተቀር ክፍት ነው።

ይህ የደኖቹ ቸርነት የሚገባውን ያህል አይነገርለትም። ብሔራዊ ደኖቹ በጠቅላላ 193 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 78 ሚሊዮን ሔክታር ይሸፍናሉ፤ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሁለት ሦስተኛውን ያልፋል። አብዛኛው ቦታ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ፎቶውና ዝናው የፓርኮቹ ስለሆነ ግን ብዙ ሰው ዛፍ ያለበትን ሁሉ «ናሽናል ፓርክ» ብሎ ይጠራና አንዱ ጋ የሰማውን ደንብ ሌላው ጋ ይዞ ይሄዳል። የሸናንዶዋ ፓርክን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከ105 ማይሉ የስካይላይን አስፋልት ውጪ ለብስክሌት ቦታ የለም ብሎ ይመለሳል፤ ከሸለቆው ማዶ ያለው ተራራ ግን ደን ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ካርታው ላይ የመሬቱን ቀለም ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይቀርበትም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት። በደኖቹ ውስጥ ዊልደርነስ የሚባሉ፣ የሰው እጅ ሳይነካቸው እንዲቆዩ በሕግ የተከለሉ ቦታዎች አሉ። ሕጉን ያረቀቀው ሃዋርድ ዛህኒዘር ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን መስከረም 3 ቀን 1964 ሲፈርሙበት እሱ ካረፈ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ሕጉ ሞተር ያላቸውን ተሽከርካሪዎች ይከለክልና «ሌላም ማናቸውም ሜካኒካዊ መጓጓዣ» ብሎ ይጨምራል። ብስክሌት ነጂው ስለ ሞተሩ ሲያነብ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፋል። የሚመለከተው ግን ቀጥሎ ያለው ሐረግ ነው።

ነገሩ መጀመሪያውኑ ጥርት ያለ አልነበረም። በ1966 የደን አገልግሎት ባወጣው ደንብ ሜካኒካዊ መጓጓዣ ማለት ሕይወት በሌለው ኃይል የሚሄድ ማለት ነበር። በእግር ጉልበት የሚነዳ ብስክሌት ከዚያ ትርጉም ውጪ ይቀራል። ያኔ ግን ዳገት ላይ ብስክሌት ይዞ የሚወጣ ሰው ስላልነበረ ጥያቄውም አልነበረም። የተራራ ብስክሌት በካሊፎርኒያ ታማልፓይስ ተራራ ላይ የተወለደው በ1970ዎቹ ነው፤ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ «ስተምፕጃምፐር»ን በብዛት አምርቶ ገበያ ላይ ሲያወጣ ጫካው ውስጥ የጎማ አሻራ በዛ። በ1984 የደን አገልግሎት ብስክሌትን በስሙ ጠርቶ ከለከለ። ብስክሌተኞች ዛሬም የ1966ቱን ትርጉም እያነሡ ይከራከራሉ፤ በ2016 የዩታ ሴናተሮች ማይክ ሊ እና ኦሪን ሃች በሰው ጉልበት የሚነዱትን የሚፈቅድ ረቂቅ አቅርበው አላለፈም።

ክልከላው የተጻፈበትን መንገድ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በብሔራዊ ደን ዊልደርነስ ውስጥ የተከለከለው ብስክሌት መንዳት ብቻ አይደለም፤ መያዝም ጭምር ነው። መግፋት፣ ተሸክሞ ማለፍ፣ ፈታትቶ በጀርባ ማዘል፣ ሁሉም መያዝ ነው።

የራምሲስ ድራፍት ዊልደርነስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የ250 ቁጥር አውራ ጎዳና የሸናንዶዋን ተራራ በሚሻገርበት ጫፍ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ምሽግ በነበረበት ቦታ፣ የመኪና ማቆሚያ አለ። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚሄደው የተራራ መንገድ ብስክሌተኞች ከሩቅ የሚመጡበት ነው፤ ከአውራ ጎዳናው ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚሄደው ወደ ዊልደርነሱ ይገባል። ጸሐፊው አንድ ጥቅምት እዚያ ጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ወጣት አግኝቷል። ልጁ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሰሜኑ መንገድ ሊገባ ነበር። ሲነገረው ቅር አለው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልነዳሁም፤ እየገፋሁ ነው» አለ። ታፔላው ቡናማ እንጨት ሆኖ የዊልደርነሱን ስም ብቻ ነው የያዘው፤ ስለ ብስክሌት አንድ ቃል የለበትም። ልጁ እውነቱን ነበር። ሕጉን የማያውቅ ሰው ከዚያ ስም ምን ይረዳል? ዞሮ ወደ ደቡብ ሄደ፤ የተሻለውም መንገድ እሱ ነበር። ታፔላው ላይ የዊልደርነስ ስም ካለ ብስክሌት ተከልክሏል፣ ምንም ሌላ ባይጻፍበትም። የደን ደንብ መጣስ እስከ 5,000 ዶላር ቅጣትና እስከ ስድስት ወር እስራት ሊያስከትል ይችላል።

ክልሉ ደግሞ ባለበት የሚቀር አይደለም። በአይዳሆ በነሐሴ 2015 የኋይት ክላውድስ ዊልደርነስ ሲታወጅ፣ ብስክሌተኞች የሚወዷቸው የካስል ዲቫይድና የአንትስ ቤዚን መንገዶች በአንድ ፊርማ ተዘጉባቸው። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ዛሬ ክልክል ቦታ ላይ ይገኛል። የድሮ ካርታ ለጌጥ ካልሆነ በቀር ኪስ ውስጥ ቦታ የለውም።

አንዳንድ ረጃጅም መንገዶችም ዊልደርነስ ሳይሆኑ ዝግ ናቸው። ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ 2,650 ማይል የሚዘልቀው የፓስፊክ ክረስት መንገድ ከ1988 ጀምሮ ለብስክሌት ተዘግቷል።

ሌላው መደናገሪያ የደን አገልግሎት በነፃ የሚያድለው የሞተር ተሽከርካሪዎች ካርታ ነው። የ2005ቱን ደንብ ተከትሎ የወጣ ካርታ ሲሆን፣ መኪናና ሞተር ብስክሌት የት እንደሚሄዱ ብቻ ያሳያል። እሱ ላይ የሌለ ቀጭን መንገድ ለሞተር ዝግ ነው እንጂ ለተራ ብስክሌት ዝግ ነው ማለት አይደለም። ይህን ካርታ አይተው «መንገድ የለም» ብለው የሚመለሱ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል።

ኤሌክትሪክ ብስክሌት ያለው ግን ያንኑ ካርታ ሊያነበው ይገባል። የደን አገልግሎት ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዘውንና በሰዓት 20 ማይል ላይ የሚያቆመውን እንኳ ከሞተር ተሽከርካሪ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ለሞተር ወይም ለእሱ ተብሎ በተፈቀደ መንገድ ላይ ብቻ ይሄዳል። ፓርኮቹ ሌላ ደንብ አላቸው። ባትሪውን አጥፍቼ እገፋዋለሁ የሚል ምክንያትም አያዋጣም፤ ሞተሩ አብሮት ነው።

ቅድሚያ መስጠትን በተመለከተ፣ ብስክሌት ለእግረኛም ለፈረስም ይቆማል። ፈረስ ሲመጣ ወርዶ ድምፅ ማሰማት ደግ ነው፤ ጎማ በድንገት ከኋላው ሲመጣበት ይደነብራል።

ለራምሲስ ድራፍት አካባቢ የሚጠየቀው ሃሪሰንበርግ ያለው የኖርዝ ሪቨር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። በሥራ ቀን መደወል ይሻላል። የሚደውል ሰው ከመንገዱ ስም ይልቅ ካርታው ላይ ያለውን ቁጥር ቢናገር ይጠቅመዋል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፣ የመዝጊያ ትእዛዞችም የሚወጡት በቁጥር ነው።