ከደመወዝ የተረፈችው ብር፦ የትምህርት ቤት ድጎማ በድሬዳዋ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ተማሪው ደብተሩን ይዞ ክፍል የሚገባው ግን መስከረም ላይ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ርዕሰ መምህሯ የሚያሳስቧት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ጠመኔ፣ የፈተና ማባዣ ወረቀት፣ እግሩ የተነቀለ ዴስክ፣ ቧንቧው የደረቀ መጸዳጃ ቤት፣ መደርደሪያው የጎደለ ቤተ መጻሕፍት። የመምህራኑ ደመወዝ ከፋይናንስ ቢሮ በየወሩ ይወጣል፤ ስለሱ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ለቀረው ሁሉ የምታማትረው በትምህርት ቤቶች ቋንቋ «ግራንት» ወደሚባለው ገንዘብ ነው።

በኢትዮጵያ የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከደመወዝ የሚተርፈው ደግሞ በወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ትምህርት ቤቱ ድረስ ዘልቆ አይታይም ነበር። በዚህም የተነሳ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤቶች ጎዶሎ የሚሸፈነው በወላጅ መዋጮ፣ በአዳራሽ ኪራይ፣ ግቢው ውስጥ ታጭዶ በሚሸጥ ሣር ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ ቢያደርገውም፣ ነጻ ትምህርት ቤት ጠመኔ በነጻ አያገኝም። የትምህርት ቤት ድጎማ የታሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ወደ አንድ የድሬዳዋ ትምህርት ቤት የሚመጣው የመንግሥት ብር ሁለት ምንጭ አለው፤ ሁለቱን አለመለየት ብዙ አለመግባባት ያስከትላል።

የመጀመሪያው ብሎክ ግራንት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 የራሷ ምክር ቤትና ከንቲባ ያላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት። ቢሆንም በየዓመቱ በሚጸድቀው የፌዴራል በጀት ከክልሎች ተርታ ስሟ ይጠራል፤ ድጎማም ይመደብላታል። ይህ ድጎማ «ይህን ያህሉን ለትምህርት አድርጉት» የሚል ትእዛዝ ይዞ አይመጣም። ከከተማዋ የራሷ ገቢ ጋር ተደምሮ ለውሃ፣ ለመንገድ፣ ለጤናና ለትምህርት የሚከፋፍለው የአስተዳደሩ ምክር ቤት ነው። የመምህራኑ ደመወዝ የሚከፈለው ከዚህ ነው፤ ለትምህርት ቤቶች የሥራ ማስኬጃ የምትቆረሰው ጥቂት ብርም ከዚሁ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ «ስኩል ግራንት» ወይም የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለው ነው። የተወለደው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ጂኪፕ» እየተባለ በሚጠራው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ፕሮግራም ነው። የዓለም ባንክ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ገንዘብ ያጸደቀው በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ነበር፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በ2006፣ ፍትሐዊነትን ዋና ዓላማው ያደረገው ሦስተኛው ደግሞ በ2010 ተከተሉ። ለሦስተኛው ምዕራፍ ባንኩ ብቻውን 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። እንግሊዝ፣ ፊንላንድ፣ ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የትምህርት አጋርነትም በልዩ ልዩ ጊዜ ተሳትፈውበታል። መጻሕፍት ማሳተም፣ መምህራንን ማሠልጠን፣ የመረጃ ሥርዓት ማደራጀት ሁሉ የፕሮግራሙ ክፍሎች ቢሆኑም፣ ከትምህርት ቤቱ በር አልፎ በርዕሰ መምህሩና በወላጆች ውሳኔ ሥራ ላይ የሚውለው ገንዘብ ግን ድጎማው ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ተማሪዎች ይቆጠራሉ፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ስም የተወሰነ ብር ይታሰባል፤ የክፍል ደረጃው ከፍ ሲል በነፍስ ወከፍ የሚታሰበውም ከፍ ይላል። ገንዘቡ ከፌዴራሉ ገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ክልል ፋይናንስ ቢሮ ይተላለፋል፤ በሌሎች ክልሎች ከዚያ ወደ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ወርዶ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ይደርሳል። ቻርተሩ በከተማና በቀበሌ እርከን ባዋቀራት ድሬዳዋ መንገዱ አጠር ይላል።

ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ከገባ በኋላ የሚሆነውን በስሌት እንየው። 600 ተማሪዎች ባሉት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ተማሪ 50 ብር ቢታሰብ ድምሩ 30,000 ብር ይሆናል። ርዕሰ መምህሯ ይህን ብር በራሷ ፈቃድ ብቻ ማውጣት አትችልም። በቅድሚያ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ኮሚቴው ዓመቱን የሚመራ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። ዕቅዱ ደግሞ የሚነሳው ትምህርት ቤቱ ራሱን ከመዘነበት ግለ ግምገማ ነው። ምዘናው አራት ዐበይት ርዕሶች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። የ30,000 ብሩ እያንዳንዱ መስመር ከነዚህ አራቱ በአንዱ ሥር መውደቅ አለበት። ለጠመኔና ለማጣቀሻ መጻሕፍት የሚወጣው በመማር ማስተማር፣ ለመጸዳጃ ቤት ጥገና የሚወጣው በምቹ ሁኔታ ሥር ይመዘገባል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። ኮሚቴውና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ይፈራረማሉ። ግዥ ኮሚቴው ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ያሰባስባል። ከባንክ ብር የሚወጣው በጣምራ ፊርማ ነው። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ መምህሩ ጠመኔ ሲፈልግ በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ይረከባል። የሳይንስ መምህሩ አንድ ማግኒፋየር ለመውሰድ የሚፈርምበት ወረቀት ኦዲተሩ ከዓመት በኋላ የሚያገላብጠው ወረቀት ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እያለ እንኳ ወጪው «ያልተወራረደ» ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለ30,000 ብር በዛ የሚሉ ርዕሳነ መምህራን አሉ፤ ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም። ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የራሱ የሒሳብ ሠራተኛ የለውም። ሞዴሎቹን የሚሞላው ክፍለ ጊዜውን ጨርሶ የሚመጣ መምህር ወይም ራሷ ርዕሰ መምህሯ ናት። ርዕሰ መምህር የሚሆነው ሰው የሠለጠነው ሒሳብ፣ ታሪክ ወይም አማርኛ ለማስተማር እንጂ መዝገብ ለመያዝ አይደለም። ኦዲት ሲመጣ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለእሷ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ የራሷ ውስብስብነት አላት። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከነበራት 341,834 ነዋሪ 233,224ቱ የከተማው ክፍል ነዋሪዎች ነበሩ፤ የቀሩት ዋሂልን፣ ቢዮ አዋሌንና ጀልዴሳን በመሳሰሉ የገጠር አካባቢዎች የሚኖሩ ናቸው። በዚያው አስተዳደር ሥር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማጣቀሻ ሲገዛ በየትኛው ቋንቋ፣ ለስንት ተማሪ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ሦስቱም ቋንቋዎች በሚሰሙበት ሰፈር የተቀመጠ ኮሚቴ ብሩን ከፋፍሎ ሲጨርስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት መጻሕፍት ነው።

በነፍስ ወከፍ የሚሰላ ድጎማ ሌላም ጠባይ አለው። ሳቢያንን በመሰለ የከተማ ሰፈር የሚገኝና 2,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት በዚያው በ50 ብር ስሌት 100,000 ብር ያገኛል። በገጠር ኮረብታ ላይ ያለና 150 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት የሚደርሰው 7,500 ብር ነው። አንዱ ቤተ መጻሕፍት ያደራጃል፤ ሌላው ጥቂት ቆርቆሮ ገዝቶ የጭነት ሲከፍል ብሩ ያልቃል። ጭነቱም ከከተማ ሲርቁ እየከበደ ይሄዳል። የጣሪያው ቀዳዳ ግን የተማሪ ቁጥር አይጠይቅም፤ 150 ተማሪ ባለበትም ያው ያፈሳል።

ሦስተኛው የጂኪፕ ምዕራፍ ይህን ኢፍትሐዊነት ለማቃለል የአፋርን፣ የሶማሌንና የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልሎች፣ ሴት ልጆችንና አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ልዩ ትኩረት ሰጥቷቸዋል። ድሬዳዋ ታዳጊ ተብለው ከተመደቡት ክልሎች ዝርዝር የለችበትም። የገጠር ቀበሌዎቿ ግን ከአጎራባች የሶማሌ ክልል ቀበሌዎች በመልክዓ ምድርም በአኗኗርም ብዙ አይለዩም። ከተማዋ በባቡር፣ በንግድና በኢንዱስትሪ ስሟ ስለሚታወቅ፣ በአማካይ ሲታይ የገጠሩ ጎዶሎ በከተማው ቁጥር ይሸፈናል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሚያዝያ 1965 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የትምህርት ሕግ አንደኛው ክፍል፣ «ታይትል ዋን» የሚባለው፣ ገንዘቡን ያከፋፈለው በተማሪ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን ቁጥር መሠረት አድርጎ ነው። ከዚያ ልምድ የተገኘ አንድ ደንብ ለድሬዳዋም ይጠቅማል፦ የፌዴራሉ ድጎማ የአካባቢው መንግሥት ያወጣው የነበረውን ገንዘብ መተካት የለበትም፤ በላዩ መጨመር አለበት። ደንቡ የወጣው፣ የፌዴራሉ ብር ሲመጣ አንዳንድ አካባቢዎች የራሳቸውን ብር ለሌላ ሥራ ማዋል ስለቀናቸው ነው። በእኛም አገር ይህ ፈተና አለ። ስኩል ግራንት መምጣቱ ከታወቀ፣ ከብሎክ ግራንቱ ለሥራ ማስኬጃ የምትመጣዋን ጥቂት ብር «ግራንት አላቸው» ብሎ መቀነስ ለበጀት መዳቢው ቀላሉ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ሁለት ምንጭ ያለው ይመስላል እንጂ በእጁ የሚገባው አንድ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያማርረው ጉዳይ የጊዜ ነው። ድጎማው ከመድረሱ በፊት የተማሪ ቁጥር መሰብሰብ፣ ያለፈው ዓመት ሪፖርት መወራረድ፣ የገንዘብ መጠየቂያ ከቢሮ ወደ ሚኒስቴር መሄድ አለበት። አንዱ ክልል ሪፖርቱን ካዘገየ መዘግየቱ ለሌላውም ሊተርፍ ይችላል። ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ በውጤት ላይ የተመሠረተ የገንዘብ አለቃቀቅ ስለተከተለ፣ ስምምነት የተደረገበት ውጤት መገኘቱ ሲረጋገጥ ነበር ለጋሾች ብር የሚለቁት። ለአገሪቱ ጥሩ ዲሲፕሊን ነው፤ መስከረም ላይ ጠመኔ ለፈለገች ርዕሰ መምህር ግን ትዕግሥት የሚፈታተን ነው። በዓመቱ አጋማሽ የደረሰ ብር ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ሥራ ላይ መዋል ስላለበት፣ በመሥሪያ ቤቶች ሁሉ የሚታወቀው የሰኔ ግዥ ጥድፊያ ትምህርት ቤቶችንም ያገኛቸዋል። ዕቅዱ ላይ ያልነበረ ወንበር የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በዚያ ሰሞን ነው።

ቁጥርም ሌላ ፈተና ነው። ገንዘቡ ተማሪ ተቆጥሮ ስለሚላክ፣ በመስከረም የተመዘገበውንና በጥር ክፍል የተገኘውን ልጅ አንድ አድርጎ መያዝ የትምህርት ቤቱን ድጎማ ከፍ ያደርጋል። የትምህርት መረጃ ሥርዓቱ መጠናከር የፕሮግራሙ አካል የሆነውም ለዚህ ነው። መዝገቡ ላይ ያለ፣ ወንበሩ ላይ የሌለ ተማሪ የሚያመጣው ብር ከሌላ ልጅ ድርሻ የሚቀነስ ነው።

ድጎማው ጥራት አምጥቷል ወይ? ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ደረጃ እየተመደቡ ይመዘናሉ፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በደረጃ 1ና 2 ነው። ለጣሪያ፣ ለግንብና ለቤተ ሙከራ የሚያስፈልገውን ይህ ብር አይሸፍንም፤ ለዚያም አልታሰበም። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስም የተጀመረው ንቅናቄ ኅብረተሰቡን ለግንባታ የጠራው፣ በድጎማ ብቻ ትምህርት ቤት እንደማይታደስ ስለታወቀ ነው። የድጎማው ልዩ ጥቅም ሌላ ነው። ከላይ የመጣ ዕቅድ ሳይጠበቅ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ወላጆችና መምህራን ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚወስኑበት ብቸኛው የመንግሥት ብር እሱ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ የሚወስኑበት ሰዎች ግን ከሁሉም በላይ ለልጆቹ የቀረቡት ናቸው።

ለዚህም ነው ስብሰባው ከብሩ ያልተናነሰ ዋጋ ያለው። በቃለ ጉባኤ ላይ የፈረመ ወላጅ የጠመኔው ካርቶን ስንት እንደተገዛ ያውቃል። ርዕሰ መምህሯም የትምህርት ቢሮው ሰው ከመምጣቱ በፊት በወላጅ ፊት ትጠየቃለች። ዕቅዱንና ወጪውን በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ የሚያስከፍለው አንድ ወረቀትና አራት ስፒል ነው።

በዚህ ዓመት ልጁን በድሬዳዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ የወተመህ ጥሪ ሲደርሰው ይሂድ። ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዘንድሮ ስንት ብር መጣ፣ መቼ መጣ፣ በምን ዕቅድ ወጣ። መልሱ ሰሌዳው ላይ ከሌለ ይለጠፍልን ብሎ በቃለ ጉባኤ ያስመዝግብ።